ኑግ የጠጣችው ብሩሽ

የልጅ ልጄ ልትዳር ነውና ባለፈው ሳምንት ጥፍሯን ወደምትቀባበት ቤት ይዛኝ ሄደች። ድሬዳዋ ከቀትር በኋላ እንኳን ሰው ድንጋይም ያልበዋል፤ እኔም እሺ ብዬ የተከተልኳት ቤቱ ማራገቢያ አለው ስለተባልኩ ነው። ጥግ ይዤ መቁጠሪያዬን እያንከባለልኩ የቀቢዋን ልጅ እጅ አያለሁ። ከስፌት መርፌ ብዙም የማትወፍር ብሩሽ አነሣችና በሙሽሪት ጥፍር ላይ ከጤፍ ቅንጣት በማትበልጥ ነጥብ አበባ ትሠራ ጀመር። እጇ አይንቀጠቀጥም፤ ትንፋሿን ይዛ ነው የምትሠራው፤ ወደድኳት። ኋላ ግን ስልኳ ጮኸና ብሩሿን በጠጉሯ ዘቅዝቃ ብርጭቆ ውስጥ ነክራት ተነሣች። 

«ልጄ፣ በጠጉሯ አታቁሚያት» አልኳት።

«ምኗን ነው እማማ?»

«ብሩሿን። ወገቧ ይታጠፋል፤ አንዴ ከታጠፈ አይመለስም።»

ልጅቱ ስልኳን በትከሻዋ እንደያዘች ሳቀች። «ሠዓሊ ነበሩ እንዴ?»

«ሠዓሊስ አልነበርኩም። የሠዓሊ ብሩሽ አጣቢ ነበርኩ።»

የልጅ ልጄ «አያቴ ያልሠራችው ሥራ የለም፤ ትንሽ ከቆየን ጥፍሩንም እኔ ልቅባ ትላለች» ብላ አሾፈችብኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት አልነበርኩም። ደብረ ታቦር ነበርኩ።

ያኔ ቤታችን ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ሲወርዱ፣ የእህል ገበያው ሳይደርስ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነበረ። ከጉና የሚመጣው ነፋስ ደጃፍ ላይ ቆሞ ቤቶች አይልም፤ ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ዘመኑ የጓዶች ዘመን ነው። ዓመቱን ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በተራ የሚታደልበት፣ ስኳር መጣ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ፌስታል ይዞ የሚሮጥበት ዓመት ነበረ ብል ይበቃል። ገበያ ላይ ግን አንድ ብር የያዘች ሴት ሽንኩርቱንም በርበሬውንም ሸምታ፣ ለልጇ ሸንኮራ ጨምራ ትመለሳለች። ወንዱ ካኪ ሱሪና ሸራ ጫማ ነው፤ እኛ ሴቶቹ ቴትሮን ቀሚስ ካገኘን ለፋሲካ እናቆየዋለን፣ ከላይ ነጠላችንን እናጣፋለን። ከቀበሌው ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ከማለዳ ጀምሮ የሰልፍ ዘፈን ይለቃል፤ ያው ዘፈን ከኢየሱስ ከሚመጣው ቅዳሴ ጋር መንገድ ላይ ይጋጠማል። አማቴ እሜቴ የሺ ነጠላቸውን እያደገደጉ «ካህኑ ለጸሎት ተነሡ ይላል፣ ያኛው ለትግል ተነሡ ይላል፤ እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ለአንዱ ብቻ ነው የምነሣው» ይሉ ነበር። አሁንም እዚህ ሞቃት አገር ተቀምጬ ሁለት ሬዲዮ ባንድ ጊዜ ሲጮህ ስሰማ የእሳቸው ጉልበት ትዝ ይለኛል።

ባለቤቴ ሞገስ ሠዓሊ ነበር። አባቱ መሪጌታ ነበሩ፤ እኔ ሳልመጣ ነው ያረፉት፤ እጃቸውን ግን ለልጃቸው ትተውለት ሄደዋል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያለብሱ ትልልቅ ሠዓሊዎች ሌሎች ነበሩ፤ የሞገስ ሥራ ትንሿ ሥዕል ነበረች። የክብሪት ቀፎ የምታህል ዋንዛ ለሁለት ትሠነጠቅና እንደ መጽሐፍ የምትዘጋ ትደረጋለች፤ በአንዱ ገጽ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ። በክር ታንጠለጥላታለህ፣ ሸሚዝህን ትቆልፍባታለህ፣ ማንም አያይህም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሥዕል ግድግዳው ላይ የሰቀለ መምህር በስብሰባ መካከል ስሙ ይነሣበታል፤ የመንግሥት ሠራተኛውም ይፈራል። ስለዚህ ፍርሃቱ ሥዕሉን አሳነሰው፣ የሥዕሉ ማነስ ደግሞ ብሩሹን አቀጠነው። ቀን ቀን ሞገስ ለቀበሌው በቡና ቤት መጥረጊያ በሚያህል ብሩሽ ቀይ መፈክር ይጽፋል፤ ከሥራ ሲመለስ እጁን በአመድና በውሃ ፈትጎ በጠጉር ጫፍ የቅድስት ድንግልን ቅንድብ ይሠራል። አንድ እጅ ሁለቱን እንዴት እንደሚችል ዛሬም ይገርመኛል።

ቀጫጭኖቹን ብሩሾች የሚሠራቸው ራሱ ነበር። ጠጉሩ ከሚጠባ ጥጃ ጆሮ፣ ከውስጠኛው በኩል የሚገኘው ለስላሳ ነው። ጥቂት ጥቂቱን ይመርጥና ጫፍ ለጫፍ አሰልፎ በሐር ክር ያስረዋል፤ የጅግራ ላባ ግንድ ለብ ባለ ውሃ ያለሰልስና በዚያ ውስጥ ያሳልፈዋል። ላባው ሲደርቅ ይጨብጠዋል፤ ሙጫ ይጨመርበታል፣ ቀጭን የወይራ እጀታ ይሰካበታል። ከሁሉ የምታንሰው ስም ነበራት፤ ዓይን አብሪ እንላታለን። እሷ ሌላ ሥራ የላትም። ሥዕል ሁሉ ልብሱም፣ ሰማዩም፣ ፈረሱም ካለቀ በኋላ በስተመጨረሻ የሚሣለው ዓይን ነው። ዓይን ያልተሣለላት ሥዕል እንጨት ናት፤ እላይዋ ላይ ዕቃ ቢቀመጥባትም ነውር የለውም። ዓይኗ ሲበራ ግን በቤት ያለ ሁሉ ብድግ ይላል፤ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንግዳ ገብታለችና።

የብሩሾቹ ነገር የእኔ ነበር። ሞገስ ሠርቶ ሲያበቃ እኔ እቀበለዋለሁ። ቀለም ጠጉሩ ሥር ገብቶ ከደረቀ ጠጉሩን እንደ እሾህ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ነው የማጥበው። ሳሙና የለም እንጂ ቢኖርም አልጠቀምበትም ነበር፤ እንዶድ ወቅጬ አረፋውን በመዳፌ ይዤ፣ ብሩሿን በአረፋው ላይ ወደ አንድ ወገን ብቻ አንሸራትታለሁ። ወደኋላ አይታሽም። ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ የሞቀ አይሁን፤ የሞቀ እንደሆነ ሙጫው ይለቅና ጠጉሩ ከነክሩ ይወጣል። ከዚያ የተልባ ውሃ፤ ያ የሚያሟልጨው ውሃ ጠጉሩን ሁሉ ሰብስቦ እንደ ገብስ ጢም ያሾለዋል። በሸምበቆ ማኅደር ውስጥ ጫፏ ወደላይ ሆና ትቀመጣለች። ሥራ የማይኖርበት ጊዜ ረዥም ከሆነ ብል እንዳይበላት ለጋ ቅቤ ጫፏን አስነካታለሁ፤ ልትሠራ ስትል በእንዶድ አጥባታለሁ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

የዚያን ዓመት የሁዳዴ መግቢያ ሰሞን የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቤታችን መጣ። ሽጉጡን ታጥቆ፣ ቆቡን ደፍቶ ደጃፍ ላይ ሲቆም እኔ የሞገስን ነፍስ ይዞ የሚሄድ መሰለኝ። ተቀመጥ ቢሉት አልቀመጥም አለ።

«አንተ ያ ነገር ትሠራለህ ይባላል» አለው ሞገስን።

«የቱን ነገር ጓድ?»

«ያን... ትንሹን ነገር።»

«መፈክር ነው?»

«መፈክር ትንሽ ነው እንዴ?»

 እሜቴ የሺ ከጓዳ ሆነው «ሥዕል በልና ተገላገል ልጄ፤ አንደበትህን አይበላህም» አሉት። ሊቀመንበሩ ሳይወድ በግዱ ሳቀ፣ ቆቡንም አወለቀ። ልጅ ሳለ እሜቴ የሺን እትዬ እያለ ከደጃቸው ቆሎ ተቀብሏል፤ ያ ሁሉ ባንዴ ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቱ እማሆይ አመተ ሚካኤል ታመው ተኝተዋል። ሳይሞቱ በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት ሥዕል ይፈልጋሉ፤ ልጃቸው ሊያሠራላቸው ቢያመነታ «ሥዕሌን ሳላይ ብሞት በድኔን እንዳትሸከም» አሉት። በቀበሌው ሁሉን የሚያስፈራው ሰው አንዲት አልጋ ላይ የዋለች እናቱን ፈርቶ መጣ ማለት ነው። ይህን ከተናገረ በኋላ ግን ድምፁ ተለወጠ።

«የዘመቻው መኪና ይመጣል። አንተም እንደምትፈለግ አትስትም። ቀበሌው መፈክር የሚጽፍለት ያስፈልገዋል ብዬ ላስቀርህ እችላለሁ። እናቴ ሥዕሏን ሳታይ ካለፈች ግን ለምን ብዬ እከራከርልሃለሁ?»

መኪናው የሚመጣበትን ቀን ሲነግረን በልባችን አሰላነው፤ የገብር ኄር እሑድ በዋለ በማግስቱ ሆነ። በዚያ ዘመን መኪናው የወሰደው ወንድ ወዴት እንደሚሄድ ሁሉ ያውቃል፤ ወደ ሰሜን ነው፤ ከሰሜን ደግሞ የሚመለሰው ጥቂት ነው። እኔና ሞገስ ከተጋባን ገና ሁለተኛው ፋሲካ ነበር።

ሞገስ ሥራውን ያዘ። ዋንዛውን ፋቀ፣ በኖራ አለሰለሰ፣ ቀለሙን በግራር ሙጫ በጠበጠ። የቅበላ ዕለት ዓይን አብሪን ቅቤ አስነክቼ ማኅደሯ ውስጥ ከትቻታለሁ፤ ተራዋ እስኪደርስ ጊዜ ነበራትና። እሱ በሌሎቹ ብሩሾች ልብሱን፣ እጁን፣ ዘንዶውን ሲሠራ ከርሞ የመጻጉዕ ሰሞን ከዓይን በቀር ሁሉ አለቀ። ዓይኑን ከደብረ ዘይት በኋላ፣ አእምሮው ሲረጋ፣ ቀን መርጦ ሊሠራው አሰበ። በዚህ መካከል ገሳይ ያለችው እኅቴ ወለደች ተብሎ ተላከብኝ። አራስ ሳይጠይቁ መቅረት ነውር ነው፤ ደግሞ ሥራው ሊያልቅ ነው ብዬ ቤቱንም ብሩሹንም ለእሜቴ የሺ አደራ ብዬ በእህል መኪና ላይ ተሳፍሬ ሄድኩ።

የተመለስኩት ደብረ ዘይት በዋለ በማግስቱ ነው፤ መኪናው ሊመጣ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ገና ደጅ ስደርስ አንድ ሽታ ተቀበለኝ፤ የቆየ ኑግ ሽታ። እሜቴ የሺ እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ተነሡ፤ ጉንጬን ሳሙኝና እጄን ይዘው ወደ ምድጃው ወሰዱኝ። ከምድጃው በላይ፣ ጭስ ከሚያገኘው ቦታ፣ ብሩሾቹ ሁሉ ባንድ ገመድ ተሰልፈው ተሰቅለዋል። ዓይን አብሪ መካከል ናት።

ጫፏን በጣቴ ነካኋት። እንደ ወስፌ ወጋችኝ።

«እሜቴ፣ ምን አደረጓቸው?»

«አጸዳኋቸው ልጄ። አንቺ እኮ ቅቤ ቀብተሻት ነበር።»

«እንዴታ፣ ብል እንዳይበላት ነው። ሊሠራ ሲል አጥባት ነበር።»

«እሱ ደግሞ ጫፏን በከንፈሩ ነው የሚያሾላት፤ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ቅቤ የነካትን ብሩሽ በሁዳዴ በአፉ ያስገባ? ደግሞ በማን ዓይን ላይ ሊያሳርፋት ነው፣ በእሷ በእመቤቴ። እኔ ይህን አይቼ ዝም ልል? አጠብኳትና ቅቤውን በንጹሕ የኑግ ዘይት ለወጥኩት። ኑጉን ራሴ ነኝ የጨመቅኩት፤ ሌሎቹም አይቅርባቸው ብዬ ሁሉንም ቀባኋቸው። እንዲሞቃቸው ደግሞ እዚህ ሰቀልኳቸው።»

ኑግ ቅቤ አይደለም። ኑግ ሙቀት ሲያገኝ ይረጋል፣ ይሳባል፣ ኋላም ሙጫ ይሆናል፤ የኑግ ማሰሮ አፍ ያጠበች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። እሳቸውም ያውቁታል። ግን እጃቸው ስለ ጾሙ ሲያስብ ስለ ማሰሮው አላሰበም። እኔ ሄጄ በማግስቱ የተሰቀሉ ብሩሾች እስክመለስ ድረስ በምድጃ ሙቀት ሲጋገሩ ከርመዋል፤ ሞገስ እንደሆነ ወደ ምድጃው አይዘልቅምና አላያቸውም።

ምን እላቸዋለሁ? ሴትዮዋ በሕይወታቸው አንድ ቀን ጾም አልሻሩም፤ ለልጃቸው ነፍስ ተጠንቅቀው ነው። «ጠንክራለች እሜቴ» ብቻ አልኩ። ጫፏን ነኳት፤ ጣታቸውን መለሱ፤ ከዚያ በኋላ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ እንዴት እንደጠፋ ልጽፈው አልችልም።

ሞገስ ሲመጣ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ብሩሿን በብርሃን ይዞ ዞር ዞር አደረጋት። «በሰፈር የምትጠባ ጥጃ ያለችው ማን ጋ ነው?» አለኝ። በበጋው መጨረሻ የት አባቷ ትገኛለች፤ ብትገኝስ አዲስ ብሩሽ እጅ እስኪለምድ ስንት ሥዕል ያበላሻል። «ላምባ ላድርግባት?» አለ ኋላ። አይሆንም አልኩት፤ ላምባ ጠጉሩን ያደርቀዋል፣ ሙጫውንም ይፈታዋል። «እንግዲያ በሌላው ብሩሽ ልሞክር» ብሎ አነሣ፤ እሱም እንጨት ሆኗል። ሁለታችንም የሥዕሏን ፊት አየነው። በዓይኗ ቦታ ሁለት ባዶ ነጭ አለ። እዚያ ነጭ ውስጥ እኔ ያየሁት የጭነት መኪና ነው።

እሜቴ የሺ በማለዳ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። ወደ ነፍስ አባታቸው እንደሄዱ ገባኝ። ሲመለሱ ሽንፍላ እንደምታጥብ ሴት እጅጌያቸውን ሰብስበው ነው የገቡት።

«አባ ምን አሉ እሜቴ?»

«ሳቁብኝ።»

«ሌላስ?»

«ብሩሽ ጾም የለውም አሉኝ። ደግሞ ‹አንቺ ሴትዮ፣ ፍጡርን ሁሉ ልታስጾሚ ነው እንዴ፤ ነገ ድመቷን ሽሮ ታበያታለሽ› አሉኝ። ንስሓውን ጠየቅኳቸው። ያበላሸሽውን አስተካክይ፣ ንስሓሽ እሱ ነው አሉ።» ተቀመጡና ዓይን አብሪን አምጪ አሉኝ። «ስሚኝ። ራስ ላይ የሰነበተ ቅቤ ሲደርቅ ሹሩባው እንደ ገመድ አይሆንም? ያንን በውሃ የሚፈታ ሞኝ አለ?»

የለም። በአዲስ ቅቤ ነው የሚፈታው። አዲሱ አሮጌውን ያለሰልሰዋል፣ አብሮ ይወጣል። ደብረ ታቦር ያደገች ሴት ሁሉ እናቷ ጭን ላይ ተኝታ በራሷ ጠጉር የተማረችው ነገር ነው። እኔ ስለ ብሩሽ አሰብኩ እንጂ ስለ ጠጉር አላሰብኩም፤ ብሩሽ ግን ጠጉር አይደለችም?

አዲስ ኑግ ለብ አደረግን። በሲኒ አድርገን ጠጉሯን ብቻ፣ የላባው ግንድ እንዳይነካ በክር አንጠልጥለን፣ ነከርናት። እሜቴ የሺ ከአጠገቧ አልተነሡም፤ ዳዊታቸውን ይደግማሉ፣ አንድ መዝሙር ሲያልቅ ብሩሿን ያወጣሉ፣ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ከሥሯ ወደ ጫፏ ቀስ ብለው ያንሸራትቷታል። መጀመሪያ ምንም የለም። ኋላ ጣታቸው ላይ እንደ ማር ወለላ የሚሳብ ቢጫ ነገር ቀረ። «መጣ» አሉ ብቻ። እኔ በእንዶድ አረፋ እቀበላቸዋለሁ፣ አጥቤ እመልስላቸዋለሁ፣ እሳቸው እንደገና ኑግ ውስጥ ይነክሯታል። አንድ ጠጉር ወለቀና እጄ ላይ ቀረ፤ ሌላ አልወለቀም። አማትና ምራት ተቀምጠን እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ ሠርተን አናውቅም። እንጀራ ጋገርን፣ ጠላ ጠመቅን፣ ጥጥ ፈተልን፤ እንደዚያ ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመን አናውቅም። ሳላስበው «እሜቴ እጅዎ ቀጭን ነው፤ እርስዎ ሠዓሊ መሆን ነበረብዎ» አልኳቸው። «ሠዓሊ ወለድኩ፤ አይበቃም?» አሉኝ።

በማግስቱ ጠጉሯ ለሰለሰ፣ ግን ተበተነ። የተልባ ውሃ አጠጣኋት፣ በሁለት ጣቴ ሰበሰብኳት፣ ከነፋስና ከጭስ ርቃ ትደርቅ ዘንድ መሶብ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሌሊቱን እንዴት እንዳደረች እግዜር ይወቅ፤ እኔ አልተነሣሁም፣ ብነሣ እነካት ነበር። ሲነጋ መሶቡን ከፈትኩ። ሾላለች። በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ውሃ አድርጌ መስመር አሰመርኩ፤ መስመሯ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ነበረች። ይዣት ቁጭ አልኩ።

ሞገስ ሐሙስ ጠዋት ታጥቦ፣ ጸሎቱን አድርሶ፣ ደጃፉ ላይ ብርሃን ካለበት ተቀመጠ። ድምፅ ማጉያው እንደ ልማዱ ይጮኻል። እኔ ልለምነው አስቤ ነበር፤ ጫፏን በከንፈርህ አታሹላት፣ እሜቴ ያዝናሉ ልል። አላሾላትም፤ እናቱን አየት አደረገና በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ አሾላት። ቀለሙን ነካ። መጀመሪያ የልጇን ዓይኖች፣ ቀጥሎ የእሷን። አንድ ነጥብ፣ ሌላ ነጥብ፤ ከዚያ ከሥሯ የምታልፍ ያቺን የቀጠነች መስመር። እሜቴ የሺ ጉልበታቸው እያመማቸው ብድግ አሉ። እኔም ተነሣሁ። ሞገስ ራሱ ብሩሿን ይዞ ተነሣ። ሥዕሏ ታየን ጀመር።

ቅዳሜ ይዘንላቸው ሄድን። እማሆይ አመተ ሚካኤል አልጋው ላይ ከትራስ የማይበልጡ ሆነዋል፤ ልጃቸው ሊቀመንበሩ ከበሩ አጠገብ፣ ማንም እንዳይገባ ይመስላል፣ ቆሟል። ሥዕሏን ከፍተው ወደ መስኮቱ አዞሯት። ዓይናቸው ደክሟል።

«ወዴት ነው የምታየው?» አሉ ሞገስን።

«ወደ ያዛት ሰው ነው እማሆይ።»

«እንግዲያ አንዴ ይህንን ትይልኝ» አሉና ወደ ልጃቸው አዞሯት። «ና ቅረብ። ሽጉጥህን ፍታና ቅረብ።»

ሰውዬው በሩን አየ፣ እኛን አየ። ሽጉጡን ፈትቶ ወንበር ላይ አኖረ፣ ጎንበስ ብሎ ሳማት። ቀና ሲል «ይህን ያየ የለም» አለን። ሞገስ «እኛ መፈክር ስንጽፍ ነበር ጓድ» አለው። እማሆይ ሲስቁ ሳላቸው ተነሣ፤ ውሃ አጠጣኋቸው።

ቃል ግን ቃል ነው፤ የሚጠበቅም አለ፣ የማይጠበቅም አለ። ሰኞ ማለዳ የቀበሌው ዘበኛ መጥቶ ሞገስን ጠራው። ለምን ብንለው አላውቅም አለ። እሜቴ የሺና እኔ ቤት ውስጥ ቀረን። ከገበያው ወገን ከበሮ ተሰማ፣ ዘፈን ተሰማ፣ በዘፈኑ መካከል የሴት ጩኸት ተሰማ። የመኪናውን ሞተር ሰማነው፤ ወደ ወረታ ቁልቁል ሲወርድ ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠፋ። ሞገስ አልመጣም። እሜቴ የሺ መዝሙረ ዳዊታቸውን ከፍተዋል፤ ገጽ ግን አይገለጥም። ቀትር አለፈ። የቅዳሴው ደወል ተደወለ፤ ልንሄድ ይገባን ነበር፣ ከመካከላችን የተነሣ የለም። ከደጃችን የሚያልፈውን እግር ሁሉ አዳመጥነው፤ ሁሉም አለፈ።

የጎረቤታችን ልጅ በዚያ መኪና ሄዷል፤ እናቱ እስክትሞት ደጅ ደጁን ስታይ ኖረች። ሞገስ ሲቀር በእሱ ቦታ ማን መኪናው ላይ እንደወጣ አልጠየቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። ስሙን የማላውቀውን ሰው በጸሎቴ አነሣዋለሁ፤ ስሙን እግዜር ያውቀዋል እላለሁ። የእኔ ሰው ግን አርጅቶ፣ ጥርሱ አልቆ፣ ስለ ወጡ ጨው እያማረረ፣ በገዛ አልጋው ላይ ሞተ። ተመስገን የሚለውን ቃል እኔ ከዚያ ቀን በፊት በአፌ ብቻ ነበር የምለው።

የዚያን ሰኞ ጥላው ሲረዝም በሩ ተገፋ። ሞገስ ነው። የዘመቻውን መፈክር በጨርቅ ላይ ሲጽፍ፣ መኪናው ከሄደ በኋላም አዳራሹን ሲቀባ ውሎ እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ቀለም ሆኗል። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሁለታችንን አየን።  እሜቴ የሺ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ዞር ሳይሉ «በሩን ዝጋ እንጂ፤ ብርዱ እኮ ገባ» አሉት።

እጁ በቀለም የተሞላ ነውና በክርኑ ገፍቶ ዘጋው። ክርኑ ያረፈበት ቀይ ምልክት ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ በዚያ በር ላይ ኖረ። ቀለም ሳይደርቅ ማጠብ የእኔ ሥራ ነበር፤ ያንን ግን ተውኩት፣ እሜቴ የሺም እጠቢው አላሉኝም።